የእርሳስ ግጭትን ሞላላ ፍሰት በላፕቶፕ መለካት፦ መልሱን ከምታውቁት ዳታ ጀምሩ

ሁለት እንጀራ ወስዳችሁ አንዱን በሌላው ላይ እስከ አጋማሹ ብቻ ደርቡ። የተደረበው ቦታ ክብ አይሆንም፤ መሃሉ ሰፋ፣ ሁለት ጫፉ ሾል ያለ፣ የጣናን ታንኳ ከላይ ሆነው ሲያዩት የሚመስል ነው። ሁለት የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ኒውክሊየሶች መሃል ለመሃል ሳይሆን ትንሽ ተዛንፈው ሲጋጩ የጋራ ቦታቸው ይህንኑ ቅርጽ ይይዛል። እዚያ ውስጥ ኳርክና ግሉኦን ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ይፈቱና ለቅጽበት እንደ ፈሳሽ ይፈስሳሉ።

ፈሳሽ መሆኑ የሚታወቀው በአወጣጡ ነው። ጮቄ ላይ ዝናብ በረዥም ጉብታ ላይ ሲወርድ ውኃው በጉብታው ርዝመት አቅጣጫ ዝግ ይላል፣ በጎኑ ግን ተንደርድሮ ይወርዳል። ከፍታው አንድ ነው፤ በጎን በኩል ያለው መንገድ ስለሚያጥር ግን ቁልቁለቱ ይበረታል። በግጭቱም ግፊት መሃል ላይ ከፍተኛ፣ ጠርዝ ላይ ምንም ነው፤ ስለዚህ በታንኳው አጭር ጎን በኩል የግፊቱ ቁልቁለት ይበረታና ቅንጣቶች በዚያ አቅጣጫ በዝተው ይወጣሉ። ሞላላ ፍሰት፣ በክፍል ውስጥ ኢሊፕቲክ ፍሎው የምንለው፣ ይህ ነው። ዣን ኢቭ ኦሊትሮ የፈሳሽነት ምልክት እንደሚሆን በ1992 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ ሰርጌ ቮሎሺንና ዣንግ ደግሞ በ1996 ዛሬ በምንጠቀምበት የፉርየ ተከታታይ (የኮሳይኖች ድምር) ጻፉት።

ይህ መመሪያ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ ሆኖ በአንድ ላፕቶፕ የመመረቂያ ሥራ ለሚሠራ የፊዚክስ ተማሪ ነው። ዋናው ምክራችን ከርዕሱ ላይ አለ። እውነተኛ ዳታ ከማውረዳችሁ በፊት መልሱን የምታውቁትን ዳታ ራሳችሁ ፍጠሩ፤ ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሹት። የትኛው ስሌት እንደሚያታልል የሚታየው ያኔ ብቻ ነው።

የሚለካው ነገር

በጨረሩ ዙሪያ አንድ ቅንጣት የወጣበትን ማዕዘን ፋይ፣ የታንኳው አጭር ጎን የሚያመለክትበትን አቅጣጫ ፕሳይ እንበል። የቅንጣቶቹ ስርጭት ከዚህ ጋር ይመጣጠናል፦

1 + 2 × ቪ2 × ኮሳይን[2 × (ፋይ − ፕሳይ)]

ቪ2 የፍሰቱ መጠን ነው። 0.08 ከሆነ በአጭሩ ጎን በኩል 1.16፣ በረዥሙ በኩል 0.84 ይሆናል፤ 84 ቅንጣት በአንደኛው ሲወጣ 116 በሌላኛው ይወጣል ማለት ነው። ቁጥሩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን በዚህ ሙያ ትልቅ ነው።

ችግሩ ፕሳይ አለመታወቁ ነው። በእያንዳንዱ ግጭት ታንኳው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል፣ ቅንጣቶቹን የሚመዘግበው ዲቴክተርም የሚሰጠው ፋይን ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ ይህን ችግር ለመሻገር ነው።

ግጭቶቹን መፍጠር

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ የስሌት ማሟያው ኑምፓይና የግራፍ ማሟያው ማትፕሎትሊብ ይበቃሉ። ሩት የተባለው፣ የአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰርን ያዘጋጀው የዳታ ትንተና ፕሮግራም፣ የሚያስፈልገው በኋላ ነው፤ ኢንተርኔት በሞባይል ዳታ የምትገዙ ከሆነ አሁን እሱን ለመጫን አትልፉ። 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይችለዋል።

10,000 ግጭት፣ በእያንዳንዱ 500 ዱካ (አንድ ቅንጣት በዲቴክተር ውስጥ ያለፈበት መስመር) ፍጠሩ። ለአንድ ግጭት ሥራው ይህ ነው፦

1. ፕሳይን ከ0 እስከ 2ፓይ ባለው መካከል በዕጣ አውጡ።
2. ፋይን ከ0 እስከ 2ፓይ፣ ሌላ ቁጥር ደግሞ ከ0 እስከ 1.16 በዕጣ አውጡ። ሁለተኛው ቁጥር ከላይ ካለው ቀመር ዋጋ ካነሰ ፋይን ያዙ፤ ካልሆነ ጣሉት። ከ100 ሙከራ 86 ያህሉ ይያዛል።
3. 500 እስኪሞላ ድገሙ።
4. ለእያንዳንዱ ዱካ ኢታ የሚባለውን ሱዶራፒዲቲ፣ ማለትም ዱካው ወደ ጨረሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚናገረውን ቁጥር፣ ከ−0.8 እስከ 0.8 በዕጣ ስጡ። ኋላ ክፍተት ለመፍጠር ያስፈልጋል።

ማዕዘኑ በራዲያን ይሁን። ዲግሪ ብታስገቡ ኑምፓይ ምንም ሳይል የማይረባ ኮሳይን ይሰጣችኋል።

በየ1,000 ግጭቱ ውጤቱን በተለየ ፋይል አስቀምጡ። ማዕዘኖቹ ለ1,000 ግጭት 4 ሜጋባይት፣ ለሁሉም 40 ሜጋባይት ናቸው። መብራት ቢጠፋ የሚባክነው አንድ ቁራጭ ብቻ ይሆናል፤ አሥሩ ቁራጭ ደግሞ በኋላ የውጤቱን ስታቲስቲካዊ ስህተት ለመገመት ያገለግላል፤ በየቁራጩ ቪ2 ታሰላላችሁ፣ የአሥሩን ውጤቶች መደበኛ ልይይት ለ√10 ታካፍላላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የዕጣ ቁጥር አመንጪው መነሻ ቁጥር በኮዱ ውስጥ የተተከለ ከሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ሥራው እንደገና ሲጀመር ያንኑ ቁራጭ መልሶ ያመርታል። አሥሩም መንትያ ሆነው ስህተቱ ዜሮ ይወጣል። መነሻ ቁጥሩን ከቁራጩ ተራ ቁጥር ጋር አያይዙት፤ ለቁራጭ 1 መነሻ 1፣ ለቁራጭ 2 መነሻ 2፣ እያለ እስከ 10።

ወደ ስሌቱ ሳትገቡ ሁለት ሂስቶግራም ሣሉ። የሁሉም ግጭት ፋይ አንድ ላይ ሲሣል ልሙጥ መሆን አለበት፤ ፍሰቱ ጠፍቶ አይደለም፣ ፕሳይ በየግጭቱ ስለሚዞር ነው። የፋይ − ፕሳይ ሂስቶግራም ግን ሁለት ጉብታና ሁለት ሸለቆ ያሳያል። የኮሳይን[2 × (ፋይ − ፕሳይ)] አማካይም 0.080 ይሁን። ይህ ካልመጣ ዳታውን የፈጠረው ኮድ ላይ ስህተት አለ፤ ወደፊት አትሂዱ። ከመጣ በኋላ የፕሳይን ፋይል ደብቁት።

በሁለት ቅንጣት መለካት

የጋራ አቅጣጫ ያላቸው ቅንጣቶች እርስ በርስም ይዛመዳሉ። የሁለት ዱካ የማዕዘን ልዩነት ኮሳይን፣ ማለትም ኮሳይን[2 × (ፋይ1 − ፋይ2)]፣ ለሁሉም ጥንድ ሲማከል ቪ2 በራሱ ተባዝቶ ይወጣል፤ ፕሳይ በመቀናነስ ይጠፋል። በ500 ዱካ 249,500 ጥንድ ስላለ አንድ በአንድ መሄድ አያስፈልግም። በየግጭቱ እነዚህን ድምሮች ብቻ ያዙ፦

ሀ = የኮሳይን(2 × ፋይ) ድምር
ለ = የሳይን(2 × ፋይ) ድምር
ብ = የዱካዎቹ ብዛት
ኪ = ሀ² + ለ²

ከዚያ የግጭቱ የጥንድ አማካይ፦

(ኪ − ብ) ÷ [ብ × (ብ − 1)]

ይህን በግጭቶች ሁሉ ላይ አማክሉ፤ የዱካው ብዛት በየግጭቱ ከተለያየ እያንዳንዱን ግጭት በጥንዶቹ ብዛት፣ በብ × (ብ − 1)፣ መዝኑት። የአማካዩ ስኩዌር ሩት ቪ2 ነው። በፈጠራችሁት ዳታ 0.080 ይወጣል፤ ስህተቱ ከ0.0003 እስከ 0.0004 አካባቢ ነው።

ከኪ ላይ ብን የምንቀንሰው እያንዳንዱ ዱካ ከራሱ ጋር የሚሠራውን ጥንድ ለማስወጣት ነው። ረስታችሁት ለብ² ብቻ ብታካፍሉ 0.080 ሳይሆን 0.092 ታገኛላችሁ። ፍሰት ጨርሶ በሌለበት ዳታ፣ ቪ2ን 0 አድርጋችሁ ብትፈጥሩ እንኳ፣ 0.045 ይወጣል፤ ይህም የ1/500 ስኩዌር ሩት ነው። ዱካው 50 ብቻ ከሆነ ደግሞ 0.14 ይሆናል። «ዱካ ሲያንስ ፍሰት ጨመረ» የሚል ግራፍ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው።

ቪ2 ዜሮ በሆነበት ዳታ ትክክለኛው ስሌት አንዳንዴ ከዜሮ በታች ይወጣል። ያን ጊዜ ምልክቱን ጥላችሁ ሩት አታውጡ፤ ውጤቱን ከነስህተቱ እንዳለ መዝግቡ። በዚህ የዳታ መጠን ከ0.005 በታች የሆነ ፍሰት በሁለት ቅንጣት አይለይም።

አሁን ዳታውን አበላሹት

እውነተኛ ግጭት ውስጥ ፍሰት ሳይሆኑ ቅንጣቶችን የሚያዛምዱ ነገሮች አሉ። ሮ ሜዞን የተባለ ቅንጣት ሲፈርስ ፓዮን የተባሉ ሁለት ቅንጣቶችን ይሰጣል፤ ከአንድ ኳርክ የሚወጣ ጄት ብዙ ቅንጣት በጠባብ አቅጣጫ ይረጫል። ይህን ለመምሰል 250 ማዕዘን ብቻ አውጡና እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ጻፉት፤ መንትያው ከወንድሙ በኢታ ከ0.1 በላይ አይራቅ። ብ አሁንም 500 ነው፣ የገባው ቪ2ም 0.08 ነው፣ የሁለት ቅንጣት ስሌት ግን 0.092 ይላችኋል።

ቁጥሩ ቀደም ብሎ ብን ሳንቀንስ ካገኘነው ጋር መግጠሙ አጋጣሚ አይደለም። ዱካ ከራሱ ጋር የሚሠራው ጥንድና ከመንትያው ጋር የሚሠራው ጥንድ ለስሌቱ አንድ ናቸው። የመጀመሪያውን በቀመር መቀነስ ይቻላል፤ ሁለተኛውን ግን ማን የማን መንትያ እንደሆነ ስለማናውቅ አንችልም። መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ክፍተት ነው። ኢታቸው ከ−0.5 በታች የሆኑትን በአንድ ወገን፣ ከ0.5 በላይ የሆኑትን በሌላ ወገን አድርጉ፤ በእያንዳንዱ 94 ያህል ዱካ ይኖራል። የየወገኑን ሀና ለ ለየብቻ ደምሩና (ሀ1 × ሀ2 + ለ1 × ለ2) ÷ (ብ1 × ብ2) አስሉ። ዱካ ከራሱ ጋር ስለማይጣመር የሚቀነስ ብ የለም። መንትዮች በአንድ ወገን ይቀራሉ፣ ውጤቱም ወደ 0.080 ይመለሳል፤ ዋጋው ስህተቱ ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ፊት ለፊት ተቃርነው የሚወጡ ሁለት ጄቶችን ግን ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፤ የ180 ዲግሪ ልዩነት በ2 ሲባዛ ኮሳይኑ 1 ነው፣ ተቃራኒው ጄትም በኢታ ርቆ ሊወድቅ ይችላል።

ሁለተኛው አራት ቅንጣትን አንድ ላይ ማየት ነው። ቦርጊኒ፣ ዲንና ኦሊትሮ በ2001 ያቀረቡትን ኩሙላንት የተባለ ስሌት ቢላንዲች፣ ስኔሊንግስና ቮሎሺን በ2011 በቀጥታ ከድምሮች እንዲሰላ አድርገውታል። ሁለት ድምር ጨምሩ፦ ሐ የኮሳይን(4 × ፋይ)፣ መ የሳይን(4 × ፋይ)። የግጭቱ የአራት ቅንጣት አማካይ ላይኛው ክፍል፦

ኪ² + ሐ² + መ² − 2 × [ሐ × (ሀ² − ለ²) + 2 × መ × ሀ × ለ] − 4 × (ብ − 2) × ኪ + 2 × ብ × (ብ − 3)

ታችኛው፦ ብ × (ብ − 1) × (ብ − 2) × (ብ − 3)። በግጭቶች ላይ ሲማከልም መመዘኛው ይኸው ታችኛው ክፍል ነው።

ከተማከለው ላይ የሁለት ቅንጣት አማካይን ስኩዌር ሁለት ጊዜ ቀንሱ። የሚወጣው ቁጥር ኔጌቲቭ መሆን አለበት፤ ምልክቱን ገልብጣችሁ አራተኛ ሩት ስታወጡ ቪ2 ይመጣል። በመንትዮቹ ዳታ ላይ ብታደርጉት 0.080 አካባቢ ታገኛላችሁ፤ ሁለት ሁለት ሆነው የሚዛመዱት ተቀንሰው ወጥተዋል። ቁጥሩ ፖዚቲቭ ከሆነ ኑምፓይ «ቁጥር አይደለም» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ወይ ዳታው አንሷል ወይ ፍሰቱ ከዱካው ብዛት አንጻር ደካማ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ታችኛውን ክፍል አትማችሁ እዩት። ለ500 ዱካ 61.75 ቢሊዮን ያህል ነው። በዊንዶውስ ላይ ያለ የቆየ ኑምፓይ ሙሉ ቁጥርን በ32 ቢት ስለሚይዝ ከ2.147 ቢሊዮን በላይ አያልፍም፤ ሞልቶ ይዞርና ሌላ ቁጥር ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ማስጠንቀቂያ። ብን ከመጀመሪያው ወደ ነጥብ ያለው ቁጥር ለውጡት።

የዲቴክተር ቀዳዳ

ይህኛው ብልሽት ከመንትዮቹ የከፋ ነው። ቪ2ን 0 አድርጉና ፋይ ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ያለውን ዱካ ሁሉ ጣሉ፤ የሞተ የዲቴክተር ክፍል ማለት ነው። ከ12 እጅ አንዱ ብቻ ነው የጎደለው። የሁለት ቅንጣት ስሌት ምን ይላል? 0.087።

አሊስ የተባለው የሙከራ ቡድን በ2010 በትልቁ የሐድሮን ማፋጠኛ ላይ፣ በአንድ የኑክሊዮን (የፕሮቶን ወይም የኒውትሮን) ጥንድ 2.76 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት በሆነ የእርሳስ ግጭት፣ ከ40 እስከ 50 በመቶ ማዕከላዊነት (0 በመቶ ማለት ፍጹም መሃል ለመሃል ነው) ባለው ክፍል በአራት ቅንጣት የለካው ቪ2ም 0.087 ነው። ምንም በሌለበት፣ ከቀዳዳ ብቻ፣ ትክክለኛውን የሚመስል ቁጥር ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ውጤታችሁ ከታተመው ጋር ስለገጠመ ብቻ ትክክል ነው ማለት እንዳትችሉ ይህን ሙከራ በእጃችሁ ሥሩት።

ማረሚያው የኮሳይንና የሳይን አማካዮችን መቀነስ ነው። የኮሳይን(2 × ፋይ) እና የሳይን(2 × ፋይ) አማካይ በሙሉ ዳታው ላይ ዜሮ መሆን ነበረበት፤ በዚህ ቀዳዳ ግን 0.075 እና −0.043 ይወጣል። የሁለቱን ስኩዌር ደምራችሁ ከሁለት ቅንጣት አማካዩ ላይ ቀንሱ። ዱካ የሚጎድልበት ነገር ግን ጨርሶ ያልሞተ ክፍል ከሆነ ለእያንዳንዱ ዱካ ክብደት መስጠት ይሻላል፤ በዚያ አቅጣጫ ከሚጠበቀው ግማሹ ብቻ ከተያዘ ክብደቱ 2። ለሞተው ክፍል ግን ክብደት አይሠራም፤ የሚመዘን ዱካ የለምና። እውነተኛ ዳታ ስትከፍቱ የመጀመሪያ ሥራችሁ የፋይን ሂስቶግራም መሣል ይሁን፤ ልሙጥ ካልሆነ ወደ ፊት አትለፉ።

ስለ ኢቨንት ፕሌን አንድ ነገር

የቆዩ የምርምር ጽሑፎች ፕሳይን ከሀና ከለ ይገምታሉ፦ የለና የሀ አርክታንጀንት ለ2 ተካፍሎ። ኢቨንት ፕሌን የሚባለው ይህ የተገመተው አቅጣጫ ነው። ሁለት ግብዓት የሚቀበለውን አርክታንጀንት ተጠቀሙ፤ አንድ ግብዓት ያለው ሩብ ክቡን ያምታታል። የተገመተው አቅጣጫ ከእውነተኛው ስለሚወላገድ የተለካው ቪ2 ያንሳል፤ ዱካዎቹን 250፣ 250 አድርጋችሁ ለሁለት ብትከፍሉና የአንዱን ግማሽ ዱካ በሌላው አቅጣጫ ብትለኩ 0.080 ሳይሆን 0.065 ያህል ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለሬዞሉሽኑ፣ ማለትም ግምቱ ወደ እውነተኛው አቅጣጫ ምን ያህል እንደቀረበ ለሚናገረው ቁጥር፣ ማካፈል ግድ ነው። የሁለቱ ግማሾች አቅጣጫ ልዩነት በ2 ተባዝቶ የኮሳይኑ አማካይ ይወሰዳል፤ የእሱ ስኩዌር ሩት የግማሹ ሬዞሉሽን ነው፣ እዚህ 0.81። የሙሉውን ለማግኘት በ√2 አባዙ የሚል ምክር በየቦታው ታነባላችሁ። እዚህ ቢሠራ 1.14 ይሰጣል፤ የኮሳይን አማካይ ደግሞ ከ1 አያልፍም። የ√2 ሕግ የሚሠራው ሬዞሉሽኑ ትንሽ ሲሆን ነው፤ እዚህ ትክክለኛው 0.91 ነው። እኛ ለአዲስ ሥራ ከኢቨንት ፕሌን ይልቅ ኩሙላንትን እንመርጣለን።

ወደ እውነተኛው ዳታ

የሰርን ክፍት ዳታ ፖርታል ላይ የ2010 የእርሳስ ግጭት ዳታ አለ። ፋይሎቹ ትላልቅ ስለሆኑ ሁሉንም ለማውረድ አትሞክሩ፤ ከዝርዝሩ አንድ ሁለት ፋይል፣ ግቢ ውስጥ ኔትወርክ ቀለል በሚልበት ሌሊት። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ሄፕዳታ የተባለው ማከማቻ የታተሙ የቪ2 ሰንጠረዦችን በጥቂት ኪሎባይት ይሰጣል፤ እሱን በስልክም ማውረድ ይቻላል።

የግጭቱ ነጥብ ከዲቴክተሩ መሃል በጨረሩ አቅጣጫ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ የራቀበትን ግጭት ጣሉ። ዱካዎችን በኢታ ከ−0.8 እስከ 0.8፣ በተሻጋሪ ሞመንተም (ከጨረሩ ወደ ጎን ባለው) ከ0.2 እስከ 5 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት በሲ (ሲ የብርሃን ፍጥነት ነው) ያዙ። ግጭቶቹን በማዕከላዊነት ክፈሉ፤ ነገር ግን ማዕከላዊነቱን ቪ2 በምትለኩባቸው ዱካዎች ብዛት አትወስኑ፣ ከሌላ የዲቴክተር ክፍል ይምጣ። ክፍሉ ሰፊ ሲሆን በውስጡ የዱካው ብዛትም የታንኳው ቅርጽም ስለሚለዋወጥ በየ1 በመቶው አስልታችሁ ኋላ አዋህዱት።

መሃል ለመሃል በሆኑት፣ ከ0 እስከ 5 በመቶ ባሉት፣ ቪ2 ትንሽ ነው፤ እንጀራው ሙሉ በሙሉ ስለተደረበ። እየተዛነፈ ሲሄድ ይጨምርና ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ቪ3ን፣ ባለ ሦስት ጉብታውን ፍሰት፣ ለማየት በኮሳይንና በሳይን ውስጥ ፋይን የሚያባዛውን 2 በ3፣ 4 ደግሞ በ6 ተኩ። ይህ ከታንኳው ቅርጽ ሳይሆን ኑክሊዮኖቹ በየግጭቱ በዘፈቀደ ከሚቆሙበት ቦታ የሚመጣ ስለሆነ (አልቨርና ሮላንድ በ2010 ያሳዩት ነው) ከማዕከላዊነት ጋር ብዙም አይለዋወጥም። የእናንተ ቪ3 እንደ ቪ2 በፍጥነት ከጨመረ ወደ መንትዮቹና ወደ ቀዳዳው ተመለሱ።

የሁለት ቅንጣት ውጤት ክፍተትም ኖሮት ከአራት ቅንጣቱ በላይ ሲሆን ስህተት ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ቪ2 ራሱ ከግጭት ግጭት ይለያያል፤ ሁለት ቅንጣት ይህን መለያየት ይደምራል፣ አራት ቅንጣት ይቀንሳል። በፈጠራችሁት ዳታ አረጋግጡት፦ ቪ2ን አማካዩ 0.08፣ ልይይቱ 0.02 ከሆነ ጋውሳዊ ስርጭት በየግጭቱ በዕጣ ብታወጡ፣ የመጀመሪያው 0.0825፣ ሁለተኛው 0.077 ይሆናል። አራት ቅንጣቱ ከሁለት ቅንጣቱ በልጦ ሲወጣ ነው መጠርጠር ያለባችሁ።

ከታተመው ሰንጠረዥ ጋር ስታነጻጽሩ የሞመንተሙን ታችኛ ወሰን አስተያዩ። ቪ2 ከሞመንተም ጋር እየጨመረ 3 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት በሲ አካባቢ እስከ 0.2 ይደርሳል። ስለዚህ ዲቴክተሩ ዝግ ያሉትን ቅንጣቶች በደንብ ስለማይይዝ ወሰኑን ከ0.2 ወደ 0.5 ከፍ ካደረጋችሁ አማካዩ በራሱ ይጨምራል። አሊስ በ2010 በአሜሪካው የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ በ200 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ከተጋጨው ወርቅ ጋር ሲነጻጸር ፍሰቱ በ30 በመቶ ያህል መጨመሩን አስታውቋል፤ እናንተም የሁለት ጉልበት ንጽጽር ስትሠሩ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ወሰን እንዳላቸው ከሰንጠረዡ ራስጌ ላይ ቁጥሩን አንብባችሁ በማስታወሻ ደብተራችሁ ጻፉ።